«ከእርስዎ በኩል ነው» ለሚለን ጽሕፈት ቤት

ለከተማችን የመደበኛ ስልክና ኢንተርኔት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሞደምና በራውተር መካከል ለሚፈጠር ብልሽት ደንበኛውን ያለምርመራ ተጠያቂ የሚያደርገው ማስታወቂያ እንዲነሣ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብበናል። ሁለት ነገር ይላል። የራሱን ራውተር (ኢንተርኔቱን በቤቱ ላሉ ዕቃዎች የሚያከፋፍለውን) ከሞደሙ (ኢንተርኔቱን ከስልክ ሽቦው ከሚቀበለው) ጋር ያገናኘ ደንበኛ ራውተሩን ነቅሎ ሞክሮ ካልመጣ አቤቱታው አይመዘገብለትም። ባለሙያ ተልኮ ብልሽቱ «በደንበኛው በኩል» ከተገኘ ደግሞ ደንበኛው የመመላለሻ ይከፍላል። ብልሽቱ በማን በኩል እንደሆነ ማን እንደሚለካ፣ በምን እንደሚለካ፣ ደንበኛው በልኬቱ ካልተስማማ ለማን እንደሚናገር ግን ማስታወቂያው ላይ አንድ መስመር የለም። የምንጽፍልዎ ስለዚያች ስለጎደለችው መስመር ነው።

እኛ ማለት በአንድ ሰፈር የምንኖር የመደበኛ ኢንተርኔት ደንበኞች ነን፤ የፔንሲዮን ባለቤት፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ መምህራን፣ ጡረተኞች፣ ልጆቻቸውን በርቀት የሚያስተምሩ እናቶች። የከተማዋን ስም ከደብዳቤው ያወጣነው ሆን ብለን ነው። በመስኮቱ ጀርባ የተቀመጡት ሠራተኞች የጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው፤ ልናሳጣቸው አንፈልግም። ደግሞም ከደጀን እስከ ዳንግላ በአስፋልቱ ዳር ካሉት ከተሞች የማናቸውም ነዋሪ የራሱን ከተማ ስም ቢያስገባበት ደብዳቤው ብዙ የሚቀየር አይመስለንም።

ራውተር የገዛነው ለቅንጦት አይደለም። በ2015 መገባደጃ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ ከዓለም ጋር የሚያገናኘን ከስልክ እንጨቱ ወደ ቤታችን የሚወርደው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብቻ ነበር። መስመር ያለው ቤት የሰፈሩ ሁሉ ቤት ሆነ። ተማሪው፣ ዱባይ ያለች እኅቱን ድምፅ መስማት የናፈቀው፣ የባንክ ሒሳቡን ማየት የፈለገው ነጋዴ ሁሉ በአንድ ሞደም ዙሪያ ተሰበሰበ። የእናንተ ሞደም ደግሞ ዋይፋዩ የሳሎኑን ግድግዳ አያልፍም። ስለዚህ ከባሕር ዳርም ከመርካቶም ራውተር እያስመጣን ከሞደሙ ጋር አገናኘን፤ ሽቦ ዘርግተን ጓዳውን፣ ሰርቪሱን፣ የጎረቤቱን ክፍል አዳረስን። በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተናን በኮምፒውተር መፈተን ሲጀመር ደግሞ የሰፈራችን ልጆች በኮምፒውተር መልስ መስጠትን የተለማመዱት በእነዚሁ ራውተሮች ነው።

እንግዲህ ሞደሙ የእናንተ ነው፣ ራውተሩ የእኛ ነው። በመካከላቸው አንድ ክንድ የማትሞላ ሽቦ አለች። ጠባችን ሁሉ እዚያች ሽቦ ላይ ነው። በገጠር ዘመዶቻችን ዘንድ ሁለት ባለመሬቶች በወሰን ሲጣሉ ሽማግሌዎች ወሰኑን በእግራቸው ሳይረግጡ አይፈርዱም፤ ቤት ተቀምጦ «ገፊው አንተ ነህ» የሚል ሽማግሌ ሁለተኛ አይጠራም። ጽሕፈት ቤትዎ ግን በስልክ ይፈርዳል። የሆነውን በየተራ እንናገር።

ባለፈው ሐምሌ የፔንሲዮኗ ባለቤት ኢንተርኔቷ ጠፋ። ሞደሙ ላይ «ዲኤስኤል» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ይህ መብራት ስለ ራውተር የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም። ሞደሙ በስልክ ሽቦው በኩል ከማዕከሉ ጋር መገናኘቱን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ከረጋ ተገናኝቷል፣ ብልጭ ድርግም ካለ እየተጣራ የሚመልስለት አጥቷል። ራውተሩን ጎርፍ ቢወስደው እንኳ ያ መብራት አይናወጥም። ይህን እያየች ደወለች። የተሰጣት መልስ «እናቴ፣ ራውተርዎ ነው፤ ከእርስዎ በኩል ነው» የሚል ሆነ። ሴትየዋ የተማረ ሰው ነግሮኛል ብላ አዲስ ራውተር ገዛች። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ቀጠለ። እንደገና ደወለች፤ «አዲሱን በደንብ አላስተካከሉትም ይሆናል» ተባለች። እንግዶቿ ዋይፋይ ወዳለበት ወደሌላ ፔንሲዮን ሄዱ።

በስምንተኛው ቀን እኔ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የሰፈሩ ተወካይና የአይሲቲ መምህር፣ ሄድኩ። መጀመሪያ ያነሣሁት የመደበኛ ስልኳን እጀታ ነው። ድምፁ ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጣል። ስልኩና ኢንተርኔቱ በአንድ ጥንድ ሽቦ ነው የሚመጡት፤ ድምፅ በዝቅተኛው፣ ኢንተርኔት በከፍተኛው ሞገድ። ሽቦው እርጥበት ሲያገኘው ድምፁ እየተንጣጣም ቢሆን ያልፋል፣ ከፍተኛው ሞገድ ግን አስቀድሞ ይወድቃል። ስለዚህ የስልክ መንጣጣት የኢንተርኔት ብልሽት የመጀመሪያ ምስክር ነው፤ ለመስማትም መሣሪያ አያስፈልግም። ቀጥሎ ሞደሙ ራሱ የሚያሳየውን የመስመር ልኬት ከፈትኩ። ሲግናሉ ጫጫታውን አሸንፎ ለማለፍ ከሚያስፈልገው በላይ የሚቀርለት ትርፍ ከ6 ዴሲቤል (የሲግናል ብርታት መለኪያ) ሲያንስ መስመሩ መቆራረጥ ሊጀምር ይችላል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲያገኘው መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ይረጋል፤ ያን ጊዜ 7 ነበር። ዝናቡ ሲጀምር 4 ሆነ፣ ከዚያም ጠፋ። ራውተር ከዝናብ ጋር ምን ጉዳይ አለው?

በአሥራ አንደኛው ቀን ባለሙያ መጣ፤ እንጨቱ ላይ ወጣ። የሽቦው መጋጠሚያ በፌስታል ተጠቅልሎ ተገኘ፤ ፌስታሉ ተቀዶ ውኃ ይዟል፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ልጁ ቆርጦ፣ አዲስ አጋጥሞ፣ በወጉ ጠቅልሎ ሲወርድ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ልጁን እናመሰግናለን። ነገር ግን የአሥራ አንዱ ቀን ወርኃዊ ክፍያ አልተቀነሰላትም፤ ያለጥፋቱ የተባረረው አሮጌ ራውተርም እስከ ዛሬ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ደኅና ነው።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ እኛንም ብዙ ያከራከረን እርሱ ነው። በጥቅምት ወር ሞደሙ አርጅቷል ተብሎ ከእናንተ በኩል በአዲስ ተቀየረለት። አሮጌው ሞደም ብሪጅ በሚባለው አሠራር እንደ ድልድይ ብቻ ነበር የሚያገለግለው፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይዞ ወደ ማዕከሉ የሚደውለው፣ ለኮምፒውተሮቹም አድራሻ (እርስ በርስ የሚለዩበትን ቁጥር) የሚያድለው የሰውየው ራውተር ነበር። አዲሱ ሞደም ግን ራሱ ይደውላል፣ ራሱ አድራሻ ያድላል። ይህን ማንም አልነገረውም። የሞደሙ አድራሻ 192.168.1.1፣ የራውተሩም አድራሻ 192.168.1.1 ሆነ። በአንድ ግቢ ሁለት ልጆች አንድ ስም ቢወጣላቸው እናታቸው ስትጣራ ማን «አቤት» ይበል? ራውተሩም ውስጥና ውጭ ተምታታበት። ስልኮቹ ዋይፋዩን ያገኛሉ፣ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ተማሪዎች ለምዝገባ ተሰልፈው አራት ቀን ሥራ ቆመ።

ሲደውል «ሞደማችን ይሠራል፤ ከእርስዎ በኩል ነው» ተባለ። እውነት ነው፣ ሞደሙ ይሠራል። ራውተሩም ይሠራል። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ የታመመው ግንኙነታቸው ነው። መድኃኒቱ የራውተሩን አድራሻ ወደ 192.168.10.1 መለወጥና ራውተሩ ራሱ እንዳይደውል፣ ከሞደሙ በሚሰጠው አድራሻ እንዲሠራ ማድረግ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ፈጀብን። የራውተሩን አድራሻ ለውጦ፣ አድራሻ ከማደል አስቁሞ፣ ሽቦውን ከዋን (ከውጭ የሚመጣው ሽቦ ከሚገባበት) ወደ ላን (የቤት ውስጥ ዕቃዎች ወደሚሰኩበት) ቀዳዳ በማዞርም መፍታት ይቻል ነበር። እንግዲህ እንጠይቅዎ፦ ይህ ብልሽት በማን በኩል ነው? በአዲሱ ማስታወቂያዎ መሠረት የመመላለሻ የሚከፍለው ይህ ሰው ነው፤ ሳይጠይቅ ሞደም የተቀየረበት፣ ሲቀየርም ምን እንደተቀየረ ያልተነገረው።

ሦስተኛውን ሳነሣ ትንሽ እቆጣለሁና ይታገሡኝ። በሰፈራችን ባሏ የሞተባት እናት አለች። ከአዲስ አበባ የመጣ የወንድሟ ልጅ ኢንተርኔቱ ሲዘገይበት በሞደሙ ጀርባ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ መርፌ አስገብቶ ተጫነ። ማጥፋትና ማብራት ሌላ ነው፤ ያቺ ቀዳዳ ግን ሞደሙ ውስጥ የተጻፈውን ሁሉ ሰርዛ ከፋብሪካ እንደወጣ ታደርገዋለች። የተጠቃሚ ስሙና የይለፍ ቃሉ ጠፋ። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ዲኤስኤል የሚለው መብራት ረግቷል፣ ኢንተርኔት የሚለው አልበራም። ሽቦው ደኅና ነው፣ በሩን የሚያስከፍተው ቃል ነው የጠፋው። ከኮምፒውተር ሲሞከር 691 የሚል የስህተት ቁጥር መጣ፤ ስም ወይም የይለፍ ቃል አልተቀበልኩም ማለት ነው።

ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሄደች። መስመሩ በሟች ባለቤቷ ስም ስለሆነ የይለፍ ቃሉን ለመስጠት የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አምጪ ተባለች። ሕግ ነው፣ ይሁን። ነገር ግን ባለቤቷ ካረፈ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ በየወሩ መጥታ ስትከፍል አንድ ቀን እንኳ የወራሽነት ማረጋገጫ ተጠይቃ አታውቅም። ገንዘቡን ለመቀበል ሚስት ናት፣ የይለፍ ቃሉን ለመስጠት ባዕድ ሆነች። ልጇ በርቀት የምትማረውን የማስተርስ ትምህርት ለሰባት ሳምንት እየተነሣች ጎረቤት ቤት ስትከታተል ቆየች። ፍርድ ቤቱ ከእናንተ ይልቅ ፈጠነ እንበል፤ ወረቀቱ ሲደርስ ቃሉን ሞደሙ ላይ ለመጻፍ የፈጀው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። ለጥምቀት ቤት ሲጸዳ ጠረጴዛው ተነሥቶ ተመለሰ። ኢንተርኔት የለም። ለሁለት ቀን በስልክ ጮኽኩ፤ በመስኮቱ ላለችው ልጅም መምህር ሊናገረው የማይገባ ነገር ተናገርኩ። በሦስተኛው ቀን ራውተሩን ሳገላብጠው ከሞደሙ የሚመጣው ሽቦ ዋን ከሚለው ቀዳዳ ወጥቶ ላን ከሚሉት ባንዱ ውስጥ ተሰክቶ አገኘሁት። የሚደውለው ራውተሬ ስለሆነ፣ በዋን በኩል ካልሆነ ማንንም አይጠራም። ያስተካከልኩት በዚያው ቅጽበት ነው። ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ። ሌላው ጎረቤታችን ደግሞ የሞደሙንና የራውተሩን አዳፕተር አለዋውጦ ሰክቶ ነበር፤ አንዱ 12 ቮልት፣ ሌላው 9 ቮልት ነው። መብራቶቹ ስለሚበሩ ማን ይጠረጥራል? ዕቃው ግን ሥራ በበዛበት ቁጥር ይጠፋና ይነሣል። ዋይፋዩ በድንጋይ ግድግዳ ተከልሎ ጓዳ ስላልደረሰው እናንተን የሚከስ ሰውም በመካከላችን አለ፤ እርሱን እኛው እንመልሰዋለን።

ይህን ያነሣሁት ጥፋት ሁልጊዜ የእናንተ ነው እንዳንል ነው። ግን ልብ ይበሉልኝ፦ በእነዚያ ሁለት ቀናት ከጽሕፈት ቤትዎ ማንም «መምህር፣ በራውተሩ ላይ ዋን የሚለው መብራት በርቷል?» ብሎ አልጠየቀኝም። ያቺ አንዲት ጥያቄ ብትኖር ጩኸቱም ይቅርታውም ባልኖረ። «ከእርስዎ በኩል ነው» ብላችሁኝ ነበር፤ እውነትም ከእኔ በኩል ነበር፤ ነገር ግን ያላችሁት አውቃችሁ አይደለም። ለፔንሲዮኗ ባለቤትም ያው ቃል ነው የተነገራት። አገራችን የቅኔ አገር ናትና ይህን ቃል ለመፍታት አልተቸገርንም፦ ሰሙ «ራውተርዎን ይመልከቱ»፣ ወርቁ «ደግመው አይደውሉ»። «ሲስተም የለም» የሚለው ወንድሙ ነው።

ወደ ማስታወቂያው እንመለስ። ራውተሩን ነቅላችሁ ሞክራችሁ ኑ ትሉናላችሁ። ምርመራው ራሱ ትክክል ነው፤ እኔም ለተማሪዎቼ የማስተምረው ይህንኑ ነው። ሁለቱንም አጥፉ፤ ሞደሙን ብቻ አብሩ፤ የዲኤስኤሉ መብራት እስኪረጋ ሁለት ሦስት ደቂቃ ታገሡ፤ ከዚያ አንድ ኮምፒውተር በቀጥታ በሽቦ ከሞደሙ ጋር አገናኙ። ኢንተርኔት ካለ ብልሽቱ ከሞደሙ ወዲህ ነው፤ ከሌለ በሞደሙ ወይም ከእርሱ ወዲያ። ኮምፒውተሩ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካሳየ ደግሞ አድራሻ የሚያድለው አጥቶ ለራሱ ስም አውጥቷል ማለት ነው። አንድ ድረ ገጽ በቁጥሩ ሲጠራ እየመለሰ በስሙ ሲጠራ ዝም ካለ ችግሩ ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታው አገልግሎት ጋ ነው። ወሰኑን መርገጥ ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን ሞደሙ በብሪጅ አሠራር በተተከለበት ቤት የሚደውለው ራውተሩ ነው። ራውተሩ ሲነቀል የሚደውል አይኖርም። ኮምፒውተሩ በቦታው እንዲደውል የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ያስፈልገዋል፤ ያንን ደግሞ ለደንበኛ በቀላሉ አትሰጡም። ስለዚህ ደንበኛው ማስታወቂያውን አክብሮ ራውተሩን በነቀለ ጊዜ፣ መስመሩ ደኅና ቢሆን እንኳ፣ ኢንተርኔት አያገኝም። ከዚያ ባለሙያ ይመጣል፣ በመሣሪያው ይሞክራል፣ መስመሩ ይሠራል፤ «ብልሽቱ በደንበኛው በኩል ነው» ይባልና ደንበኛው ይከፍላል። ቁልፉን ኪሳችሁ ይዛችሁ «በሩን ከፍተህ አሳየኝ» እንደማለት ነው። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ሞደሞቹ በየቤቱ እንዴት እንደተተከሉ ያወቀ አይመስለንም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይመሽ ልናነሣ እንወዳለን፤ ግንቦት እየተገባደደ ነው። በጮቄ ተራራ በኩል ሰማይ መጥቆር ሲጀምር የእኛ ሞደሞች መቃጠል ይጀምራሉ። ሰው ሁሉ መብረቅ ሲፈራ የመብራቱን ሶኬት ይነቅላል፤ የስልኩን ሽቦ ግን ይተወዋል። ጉዳት ግን በዚያም ይገባል፤ ሞደሙ እየበራ የዲኤስኤሉ መብራት ፈጽሞ የማይረጋ ከሆነ ብዙ ጊዜ የተቃጠለው የስልኩ ሽቦ የሚገባበት በር ነው። ሞደሙ በሽቦ ከራውተሩ ጋር ስለተያያዘም ጉዳቱ ወደ ራውተሩ ሊሻገር ይችላል። ለጎረቤቶቻችን ሁለቱንም ሽቦ ንቀሉ ብለን እየነገርን ነው። ከእናንተ ግን በክረምት ለተቃጠለ ሞደም «የጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ሙሉ ዋጋ መጠየቁን ፍትሐዊ አይደለም እንላለን። ስለዚህ ጥንቃቄ ስትተክሉልን የነገራችሁን የለም፤ በሰፈራችን ያለው የማከፋፈያ ሣጥንም መዝጊያው ከወለቀ ቆይቷል፤ የመሬት ሽቦው ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። ፎቶውን ከደብዳቤው ጋር አያይዘናል።

ክቡር ኃላፊ፣ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት ማስታወቂያው ይነሣ። የመመላለሻ ክፍያ ፈጽሞ አይኑር አንልም፤ ሽቦውን ራሱ ላን ውስጥ ሰክቶ ባለሙያ የሚያስጠራ እንደኔ ያለ ሰው ቢከፍል አናዝንም። ግን ክፍያው ከልኬት በኋላ ይምጣ። ባለሙያው ቤት ሲደርስ አስቀድሞ ከግድግዳው ሶኬት ላይ በራሱ መሣሪያ ይለካ፤ የመስመሩን ጥራት በዴሲቤል፣ የፍጥነቱን መጠን፣ የስልኩን ድምፅ ሁኔታ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ እርሱም ደንበኛውም ይፈርሙበት። ያ ወረቀት በሌለበት ማንም ጥፋተኛ አይባል።

የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ውል ስንፈርም በታሸገ ፖስታ ይሰጠን። የእኛ ነው፤ በስማችን ነው የምንከፍለው። በሟች ስም ላሉ መስመሮች ደግሞ ክፍያውን ሲከፍል የኖረ የቤተሰብ አባል በቀበሌ ማስረጃ አገልግሎቱን የሚያስቀጥልበት መንገድ ይፈለግ፤ ያቺ እናት የመጨረሻዋ አይደለችም።

ሞደም ሲቀየር በብሪጅ ይሥራ ወይስ ራሱ ይደውል፣ አድራሻው ስንት እንደሆነ፣ አድራሻ ያድል ወይም አያድል በአንድ ወረቀት ተጽፎ ይሰጠን። የመብራቶቹን ትርጉምና ከላይ የጻፍኩትን ምርመራ የያዘ አንድ ገጽ በአማርኛ ታትሞ ከሞደሙ ጋር ይምጣ። ለማዘጋጀት ሰው ካጣችሁ እኔ ያለክፍያ አዘጋጃለሁ፤ ተማሪዎቼ ሥዕሉን ይሥላሉ። ስልክ የሚያነሡት ሠራተኞችም «ከእርስዎ በኩል ነው» ከማለታቸው በፊት የሚጠይቋቸው አራት ጥያቄዎች ይኑሯቸው፦ ዲኤስኤሉ ረግቷል? የኢንተርኔቱ መብራት በርቷል? ስልኩ ይንጣጣል? በራውተሩ ላይ ዋን በርቷል? ለእያንዳንዱ አቤቱታም ቁጥር ይሰጠው፤ ዛሬ የደወለ ሰው ነገ ሲደውል ከዜሮ እንዳይጀምር።

ሰኔ ሳይገባ በሰፈራችን እንጨቶች ላይ ያሉት መጋጠሚያዎች ይታዩ፤ በፌስታል የተጠቀለሉት በወጉ ይጠቅለሉ፤ የሣጥኑ መዝጊያና የመሬት ሽቦው ይመለስ። ይህን ለማድረግ ፋይበር እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ፋይበሩም ሲመጣ ያው ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ በቀይ የሚበራው መብራት የብርሃኑ ገመድ መቋረጡን እየተናገረ «ራውተርዎ ነው» እንዳንባል ከአሁኑ እንስማማ።

አገልግሎት ለተቋረጠባቸው ቀናት የተከፈለው ገንዘብ ከሚቀጥለው ሒሳብ ይቀነስ። የፔንሲዮኗ ባለቤት የአሥራ አንድ ቀን፣ የዚያች እናት የሰባት ሳምንት፤ ማስረጃቸውን ይዘው ይቀርባሉ።

ለዚህ ደብዳቤ በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ከወጣ ወዲህ ዘርፉ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እንዳለው እናውቃለን፤ መልስ ካጣን ይህንኑ ደብዳቤ ከነፎቶዎቹ ወደዚያ እንወስዳለን። ከዚያ በፊት ግን ባለሙያ ልከው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእኛ ጋር ሰፈሩን ቢዞርልን እንመርጣለን። መሰላል አለን፤ ቡናም ይፈላል።

ከአክብሮት ጋር

የሰፈሩ የመደበኛ ኢንተርኔት ደንበኞች ተወካይ
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር

ግልባጭ፦
ለከተማው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለቀበሌው አስተዳደር
ለፊርማችን ባለቤቶች በሙሉ